ከጎን የሚሮጥ መሪ

ካራማራ ሥር ተቀምጦ ስለ በረዶ ስፖርት የሚጽፍ ሰው እንግዳ ይመስላችሁ ይሆናል። ይሁን እንጂ ከዚያ የሚነሣ አንድ ጥያቄ እኛንም ይመለከታል፤ ዓይነ ስውር ስፖርተኛን የሚመራው ሰው ቦታው የት ነው?

በ1968 ዓ.ም. በስዊድን፣ በኦርንሼልድስቪክ ከተማ፣ የመጀመሪያው የክረምት ፓራሊምፒክ ሲካሄድ ዓይነ ስውራን ከተወዳዳሪዎቹ መካከል ነበሩ። በቁልቁለት ሸርተቴ መሪው ከፊት እየወረደ በድምፁ መንገዱን ያመለክታል። ስኖውቦርድ በ2006 ዓ.ም. በሶቺ ወደ ፓራሊምፒክ ሲገባ ግን ለዓይነ ስውራን የተለየ ምድብ አልነበረውም። ከእኛ ወገን ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቱሪን በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሮ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የክረምት ኦሊምፒክ ተሳታፊ ሆኗል። የዓይነ ስውራን ስፖርተኞቻችን ታሪክ ግን የተጻፈው በመሮጫ መም ላይ ነው።

መስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም. በሪዮ ዴ ጄኔሮ፣ በከፊል ለሚያዩ ሯጮች በተካሄደው የ1500 ሜትር ፍጻሜ፣ ታምሩ ደምሴ በ3 ደቂቃ ከ48.49 ሰከንድ ሁለተኛ ወጣ። በዚያው ከተማ ከሦስት ሳምንት በፊት የኦሊምፒክ ወርቅ የተወሰደው በ3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነበር። የኦሊምፒኩ ሩጫ በዝግታ የተጀመረ ስለነበር ንጽጽሩ ፍጹም አይደለም፤ ቢሆንም ለናቂዎች በቂ መልስ ነው። ታምሩም ፈይሳ ሌሊሳ ቀደም ብሎ እንዳደረገው እጆቹን አጣምሮ የሕዝቡን ብሶት ለዓለም አሳየ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ትዕግሥት ገዛኸኝ በቶኪዮ የአገራችንን የመጀመሪያ የፓራሊምፒክ ወርቅ አስገኘች፤ በ2016 ዓ.ም. በፓሪስም ደገመችው። በዚያው በፓሪስ ያየሽ ተስፋው ዓይኗ ተሸፍኖ፣ ከመሪዋ ጋር በገመድ ተያይዛ፣ 1500 ሜትሩን በ4 ደቂቃ ከ27.68 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸነፈች።

የዚህ ሩጫ ሕግ ያስደንቀኛል። መሪው ሯጩን መጎተት አይፈቀድለትም፤ የፍጻሜውንም መስመር ከሯጩ ቀድሞ ማለፍ የለበትም። ከሯጩ የማያንስ ጉልበት እያለው፣ በመጨረሻዋ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። ድሉ የሯጩ ነውና።

እኔ ከባንክ መስኮት ጀርባ የምውል ሰው ነኝ። ዓይነ ስውር ደንበኛ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጥያቄው የሚቀርበው ለእርሱ ሳይሆን ይዞት ለመጣው ሰው ነው፤ ገንዘቡ የማን እንደ ሆነ የተረሳ ይመስላል። በአነጋገራችን መሪ ማለት ከፊት የሚሄድ፣ ስለ ተመሪው የሚናገርና የሚወስን ነውና።

በጅግጅጋም ሆነ በደምበል የሚያድግ ዓይነ ስውር ልጅ መሮጥ ቢሻ በረዶ አያስፈልገውም፤ ሜዳው አለ። የሚያስፈልገው በየማለዳው ተነሥቶ እርምጃውን ከእርምጃው የሚያስተካክል፣ መስመሩ ሲደርስ ግን «እለፍ» ብሎ የሚቀር ሰው ነው። ሯጭ በሞላባት አገር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ፤ የሚቀረው ፈልጎ ማሠልጠኑ ነው።