በአዲስ አበባ የሕፃናት ልደት አከባበር በየትውልዱ ያደረገው ለውጥ

ልደት የሚለው ቃል በቀድሞው አነጋገር ለማንኛውም ሕፃን የሚሰጥ የበዓል ስም አልነበረም። ልደት ሲባል ታኅሣሥ 29 ቀን የሚውለው የጌታ ልደት፣ ግንቦት 1 ቀን የሚውለው የእመቤታችን ልደታ፣ ወይም እንደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያሉ ቅዱሳን የተወለዱበት ዕለት ነው። በእስልምናም ዘንድ መውሊድ የነቢዩ ነው። ዛሬ ግን በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚገኘው በሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ደጃፍ ላይ ፊኛ ታስሮ የታየ እንደ ሆነ፣ በዚያ ቤት ልደት መኖሩን የማያውቅ መንገደኛ የለም። ቃሉ ከመቅደስ ወጥቶ ከሕፃኑ ደጃፍ እስኪደርስ የሄደበት መንገድ ሊመረመር የሚገባው ነው።

አባቶች የልጅን መወለድ አያከብሩም ነበር ማለት አይደለም። ወላዲቱን ምጥ ሲይዛት ሴቶች ተሰብስበው ማርያምን ይማጠናሉ፤ ሕፃኑ ሲወለድ እልል ይባላል፤ የወንዱም እልልታ በቁጥር ከሴቲቱ ይበልጥ ነበር። ገንፎ ተገንፍቶ ጎረቤት ይቀምሳል። ከዚያም ወንዱ በ40፣ ሴቲቱ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ የክርስትና ስም ይወጣል፣ ማተብ ይታሰራል። ክርስትና ያነሣውም ሰው ከወላጆች ጋር አበልጅ ይሆናል፤ ይህም ዝምድና ጋብቻን እስከ መከልከል የጸና ነው። በእስላሞች ቤት ደግሞ በ7ኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚፈጸም እንጂ በየዓመቱ የሚመለስ አልነበረም።

ቀኑ የሚታወሰውም በታቦት ነው። እናት ልጇን «በሚካኤል ዕለት ወለድሁት» ትላለች፤ ዓመቱም በኅዳር በሽታ፣ ወይም ጣልያን በገባ ጊዜ እየተባለ ይነገራል። የመጀመሪያው በ1911፣ ሁለተኛው በ1928 ዓ.ም. መሆኑን ማስላት የጸሐፊ ሥራ ነበር። ዕድሜው ያልታወቀ ልጅ ትምህርት ቤት ሲመጣ ቀኝ እጁን በራሱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን እንዲነካ ይታዘዛል፤ የነካ እንደ ሆነ ለትምህርት ደርሷል ይባላል። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም እንደ መሆኑ፣ ይህን አገር አስቀድሞ የያዘው ሕዝብ በገዳ ሥርዓት የሚቈጥረው ደግሞ የእያንዳንዱን ልጅ ዓመት ሳይሆን ስምንት ስምንት ዓመት የሚፈጀውን እርከን ነው፤ የልጁም እርከን የሚወሰነው በአባቱ እርከን ነው።

እንግዲህ የሕፃናት በዓል የት ነበር ቢባል፣ በቡሄና በእንቁጣጣሽ ነበር። ነሐሴ 13 ቀን ወንዶቹ ልጆች በየደጃፉ እየዞሩ ይጨፍራሉ፤ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። መስከረም 1 ቀን ልጃገረዶቹ አበባ ይዘው ይዘፍናሉ። ክርስትና ያነሣም ሰው ለክርስትና ልጁ ሙልሙል ያስጋግራል። በእነዚህ ቀኖች ልጁ ወደ ሰው ደጃፍ ይሄዳል፤ ዳቦውንም የሚያገኘው የማንም ልጅ ይሁን፣ ከእኩዮቹ ጋር ጨፍሮ ነው። በዛሬው ልደት ሰው ወደ ልጁ ደጃፍ ይመጣል፤ ዳቦውም የሚቈረሰው በእርሱ ስም ነው። በትውልዶች መካከል የሆነው ዋና ለውጥ ይህ የአቅጣጫ መገልበጥ ይመስላል፤ ኬኩና ሻማው ከዚህ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

በሕይወት ያለ ሰው የተወለደበትን ቀን በየዓመቱ ማክበርን ሕዝቡ በሰፊው ያየው በቤተ መንግሥት ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. የተወለዱት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት የመንግሥት በዓል ሆኖ ይከበር ነበር፤ 80ኛ ዓመታቸውም በ1964 ዓ.ም. በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተከብሯል። ከሁለት ዓመት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ በዓሉም አብሮ ቀረ። ሌላው ምንጭ የከተማው ኬክ ቤት ነው። ይህን ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ ቶርታና ከረሜላ ከጣልያንኛ፣ ኬክ ከእንግሊዝኛ የመጡ ናቸው። ፊኛ ብቻ የአገር ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የሽንት ከረጢት መሆኑን ዛሬ የሚነፉት ልጆች ልብ አይሉትም። በደርግ ዘመን ስኳር በቀበሌ ሱቅ በልክ ይታደል ስለ ነበር፣ ልደት የሚያከብር ቤት ሁሉ ቶርታ ሊያገኝ አይችልም፤ ድፎ ዳቦ፣ ፈንዲሻና ቆሎ ቦታውን ያዙ። ጥሩም ሆነ፤ ድፎው ከዚያ ወዲህ ከልደት ገበታ አልወረደም።

ሀይሌ ጋርመንት ስሙ የልብስ ስፌትን ሥራ የሚያስታውስ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የጅምላ አትክልት ገበያ ከጃን ሜዳ ተዛውሮ የገባበት ሰፈር ነው። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ ሰው ስለሚኖርበት፣ የልደቱ ገበታ የሁሉንም ልማድ ተሸክሞ ይታያል። ቶርታውና ድፎው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ድፎውን ሽማግሌ ባርኮ ይቈርሰዋል፣ ቶርታውን ልጁ በቢላዋ ይቈርጠዋል። ዝማሬው በእንግሊዝኛ ተጀምሮ በአማርኛ ይደገማል። ቀኑ በጾም የዋለ እንደ ሆነ እንቁላልና ቅቤ የሌለበት የጾም ኬክ ይታዘዛል፤ አንዳንዱ ወላጅ ግን እስከ ፋሲካ ማቈየትን ይመርጣል። አሮጊቶችን የሚያስገርማቸው ሻማውን እፍ ብሎ ማጥፋት ነው፤ ለስለት የተለኰሰ ጧፍ ነዶ እንዲያልቅ ይፈለጋልና።

ቀኑን ከታቦት ያላቀቀው ግን ከኬኩ ይልቅ መዝገቡ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በሰፊው ቢደነግግም፣ በዚያው ሕግ በቍጥር 3361 ሥራ ላይ መዋሉ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በአገሪቱ በሙሉ ምዝገባ የተጀመረው በአዋጅ ቍጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ አያት የሚካኤልን ዕለት፣ እናት የወሩን ቀን፣ ልጁ ደግሞ የምስክር ወረቀቱን ቍጥር ይጠቅሳሉ። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ በፈረንጅ አቈጣጠር ስለሚያከብር፣ የመልካም ምኞቱ ስልክ በአንዳንድ ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይደርሳል። ጳጉሜን 6 ቀን የተወለደ ልጅ ደግሞ ቀኑን በትክክል የሚያገኘው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ነው።

ገበታው የሚያመጣው ጭንቀትም አለ። አራስ ስትጠየቅ ጎረቤት የሚያመጣው ቅቤና እህል ለእናቲቱ ነበር፤ የልደት ስጦታ ግን በልጁ እጅ ይገባል፤ ማን ምን እንዳመጣም ልጁ ያውቃል። ልጁ በእኩያው ልደት የበላ ወላጅ እንደ ሰርግ ብድር መመለስ እንዳለበት ይሰማዋል። በአፀደ ሕፃናት ለክፍሉ ሁሉ ኬክ መላክ የተለመደ በሆነበት ስፍራ፣ ያልላከችው እናት ልጇ የሚጠይቃትን ጥያቄ መመለስ ይቸግራታል። በቡሄ እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም፤ ሙልሙል የሌለበት ቤት ልጅም ከሌላው ጋር ጨፍሮ ድርሻውን ይቀበል ነበርና። አበልጅም ቢሆን ዛሬ ከተጋባዦቹ አንዱ ሆኖ ከግድግዳው ሥር ይቀመጣል፤ ፎቶግራፍ ሲነሣ ግን ጥንቁቅ እናት ስሙን ጠርታ ከልጁ አጠገብ ታቆመዋለች።