ዜና ሉዊ 14ኛ፦ ፍጹም የተባለው ሥልጣንና የተገዛበት ዋጋ

የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 13ኛና ንግሥቲቱ አና ዘኦስትሪያ ከተጋቡ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸው፣ ወራሽ ከማግኘት ተስፋ ሊቆርጡ በተቃረቡበት ጊዜ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሴፕቴምበር 5 ቀን 1638 ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። ስሙንም ሉዊ ዲዮዶኔ፣ እግዚአብሔር የሰጠው፣ አሉት። ሕፃኑ አምስት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተና በሜይ 14 ቀን 1643 ሉዊ 14ኛ ተብሎ ነገሠ። እናቱ ሞግዚት ሆነች፤ ጣሊያን አገር የተወለደው ካርዲናል ማዛረን ደግሞ የመንግሥቱን ሥራ በእጁ ያዘ። ይህ ንጉሥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰባ ሁለት ዓመት በዙፋን ላይ ኖረ፤ ፍጹም ንጉሥ ሲባል በአውሮፓ ሁሉ የሚጠራው የእርሱ ስም ነው። የእርሱን ዜና መተረክ የወደድሁት ፍጹም ሥልጣን ከምን እንደሚሠራ ከማንም ይልቅ በእርሱ ዘመን ተገልጦ ስለሚታይ ነው። ብዙዎች ንጉሡ ከመኳንንቱና ከሹማምንቱ ሥልጣንን ነጥቆ ብቻውን እንደያዘ ይናገራሉ። እኔ ግን ገዛው እንጂ አልነጠቀም እላለሁ፤ የገዛበትም ዋጋ ኋላ አጥር ሆኖ ከበበው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአያቱ ከአንሪ 4ኛ ዘመን ነው። የፈረንሳይ መንግሥት ለጦርነት ገንዘብ ሲያጣ ሹመት የመሸጥ ልማድ ነበረው፤ ዳኝነትም፣ ግብር ማስገባትም፣ መዝገብ መጠበቅም በዋጋ ይገኝ ነበር። በ1604 ደግሞ አዲስ ደንብ ወጣ፤ ባለ ሹመቱ የሹመቱን ዋጋ አንድ ስድሳኛ በየዓመቱ ከከፈለ ወንበሩን ለልጁ እንዲያወርስ ተፈቀደለት። እንግዲህ ሹመቱ ዳኛው ከንጉሡ የተቀበለው አደራ ሳይሆን በገንዘቡ የገዛው ርስት ሆነ ማለት ነው። በ1648 ማዛረን ለስፔኑ ጦርነት ገንዘብ ቢቸግረው፣ ያ ደንብ የሚታደሰው ሹማምንቱ የአራት ዓመት ደመወዛቸውን ከተዉ ብቻ ነው አለ። ፓርልማ የሚባለው የፓሪስ ከፍተኛ የፍርድ ጉባኤም ከሌሎቹ ሸንጎዎች ጋር ተማከረና ተነሣ። በኦገስት 26 ቀን ማዛረን ብሩሴል የሚባለውን ሽማግሌ ዳኛ ቢያሲዘው የፓሪስ ሕዝብ መንገዱን ሁሉ በእንጨትና በበርሜል ዘጋ። በጃንዋሪ 1649 ሕፃኑ ንጉሥ በሌሊት ከከተማው ሸሽቶ ሳን ዠርማን በተባለው፣ ዕቃ ባልተሰናዳበት ቤተ መንግሥት አደረ። በፌብሩዋሪ 1651ም ሕዝቡ ንጉሡ ዳግመኛ እንዳይሸሽ ፈርቶ እልፍኙ ድረስ ገባ፤ በአልጋው ላይ መተኛቱንም ዐይቶ ተመለሰ። ፍሮንድ የተባለው ይህ ሁከት እስከ 1653 ቆየ። ልብ በሉ፤ በመጀመሪያ ያመፁት ድሆች አልነበሩም፣ ከንጉሡ ሹመት የገዙ ሰዎች ናቸው።

ማዛረን በማርች 9 ቀን 1661 ሞተ። በማግሥቱ የሃያ ሁለት ዓመቱ ንጉሥ ሹማምንቱን ሰብስቦ ከእንግዲህ ዋና አማካሪ እንደማይሾም፣ ያለ እርሱ ትእዛዝ አንዳች ነገር እንዳይፈረም ተናገረ። በዚያው ዓመት የገንዘብ ሹሙ ፉኬ በቮ ለ ቪኮንት ባሠራው አዳራሽ ለንጉሡ ታላቅ ግብዣ አደረገ፤ ሦስት ሳምንት ሳይሞላም በናንት ከተማ ተያዘ። ዳኞቹ ከአገር ይውጣ ብለው ቢፈርዱ ንጉሡ ፍርዱን አክብዶ የዕድሜ ልክ እስራት አደረገው፤ ፉኬም በፒኜሮል ምሽግ በ1680 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ኮልቤር ገንዘቡን፣ ሉቯ ጦሩን ያዙ። በ1673 ፓርልማው በአዋጅ ላይ ያለውን ቅሬታ አዋጁን ከመዘገበ በኋላ ካልሆነ በቀር እንዳያቀርብ ታዘዘ። ከ1615 ጀምሮ ያልተጠራው የካህናት፣ የመኳንንትና የሕዝብ ጠቅላላ ጉባኤም በእርሱ ዘመን ጨርሶ ሳይጠራ ቀረ። በየአውራጃው አንታንዳን የሚባሉ የንጉሥ እንደራሴዎች ተቀመጡ። በቀድሞዎቹ ነገሥታት ዘመን በየጊዜው ይሸፍቱ የነበሩት ታላላቅ መኳንንት ከእንግዲህ ጦር ይዘው አልወጡም፤ ሠራዊቱም በ1690ዎቹ በመዝገብ ወደ 400,000 ደረሰ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ የንጉሡ ኃይል ባዶ ስም ነበር የሚሉትን አልቀበላቸውም።

ነገር ግን ይህ ኃይል በማን ትከሻ ላይ እንደቆመ መመርመር ይገባል። ሃያ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በሚኖርበት አገር እንደራሴዎቹ ሠላሳ ቢሆኑ ነው፤ ከእነርሱም ጋር ጥቂት ጸሐፊዎች። በላንግዶክ፣ በብሬታኝ፣ በቡርጎኝ የአገሬው ጉባኤ ግብሩን የሚፈቅደውና የሚያከፋፍለው ራሱ ነበር። የላንግዶክ ጳጳሳትና ባላባቶች የንጉሡን ግብር አጽድቀው ሲያስገቡ፣ ከዚያው ግብር በአበልም፣ በደመወዝም፣ በብድር ወለድም ድርሻቸውን መልሰው ይቀበሉ ነበር። ታዛዥነታቸው ከፍርሃት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ መታዘዝ ጥቅም አለው። በ1660ዎቹ ኮልቤር ሹመቶችን ቢያስቆጥር ወደ 46,000 የሚጠጉ የዳኝነትና የገንዘብ ሹመቶች ተገኙ፤ ዋጋቸውም ከ400 ሚሊዮን ሊቭር በላይ ነበር። ኮልቤር ሊቀንሳቸው ፈለገ፤ አንዱን ሹመት ለመሻር ግን ዋጋውን ለባለቤቱ መመለስ ግድ ነው፣ ገንዘቡም የለም። ጦርነት በመጣ ቁጥር ደግሞ መንግሥት አዲስ ሹመት ፈጥሮ ይሸጣል። ብዙዎቹ ሹመቶች ከግብር ነጻ የሚያወጡ፣ ከፍተኛዎቹም የመኳንንት ማዕርግ የሚሰጡ ስለነበሩ፣ ንጉሡ ሹመት በሸጠ ቁጥር ግብር የሚከፍለው ሰው ይቀንስበታል። ዋናው ግብር፣ ታይ የሚሉት፣ የሚወድቀው በገበሬው ላይ ነበር። ካህናቱ በራሳቸው ጉባኤ የወሰኑትን ስጦታ ብቻ ይሰጣሉ፤ መኳንንቱ ደማቸውን በጦር ሜዳ እንገብራለን ብለው ይቀራሉ። የፍጹሙ ንጉሥ ፍጹምነት በባለጠጋው ደጃፍ ላይ ይቆም ነበር።

የዘመኑ ሊቃውንትም ይህን ያውቁ ነበር። በ1576 የልዑላዊ ሥልጣንን ትምህርት የጻፈው ዣን ቦደን፣ ንጉሥ ሕግን ያወጣል እንጂ ሕግ አያስረውም እያለ፣ የሰውን ንብረት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መውሰድ ግን አይችልም ይል ነበር። የአልጋ ወራሹ አስተማሪ የነበረው ጳጳስ ቦስዌም የንጉሥ ሥልጣን ከእግዚአብሔር ስለሆነ ፍጹም ነው፣ እንደ ልብ የሚደረግ ግን አይደለም ብሎ አስተማረ። ሁለቱም የንጉሥ ጠላቶች አልነበሩም።

አንድ ተከራካሪ ግን ቬርሳይን ጠቅሶ ሊነሣብኝ ይችላል፤ ንጉሡ በሜይ 1682 አደባባዩን ወደ ቬርሳይ አዛውሮ መኳንንቱን በጭፈራና በወግ አስሮ፣ ሸሚዝ ለማቀበል የሚሽቀዳደሙ አሽከሮች አላደረጋቸውምን? ወጉ እንዲህ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በቬርሳይ የነበሩት ጥቂት ሺህ ሰዎች ናቸው፤ አብዛኛው መኳንንት በየአገሩ ተቀምጦ ከግብር ነጻ ሆኖ ይኖር ነበር። ወደ ቬርሳይ የመጡትም ጡረታ፣ የጦር አለቅነት፣ የገዳም ገቢ የሚታደለው በዚያ ስለሆነ መጡ፤ ንጉሡ ሲያስቀራቸው እነርሱም ያስከፍሉት ነበር። ቤተ መንግሥቱ አገሪቱን አከሰራት የሚለውም የተጋነነ ነው፤ በዘመኑ ሁሉ ለሕንጻው የወጣው ገንዘብ ቢበዛ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት የጦርነት ወጪ ነው።

ሌላው ክርክር ከዚህ ይከብዳል፤ በእውነትም የሚያሳዝን ነው። በኦክቶበር 1685 ንጉሡ፣ አያቱ በ1598 ለፕሮቴስታንቶች የሰጠውን የናንት አዋጅ ሻረ። ቤተ ጸሎታቸው ፈረሰ፤ ከቄሶቻቸው በቀር መሰደድም ተከለከሉ፤ እንዲያም ሆኖ ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ሆላንድ፣ ወደ እንግሊዝና ወደ ብራንደንቡርግ ሸሸ። ታዲያ ይህን ያደረገ ንጉሥ ምን ወሰን አለው? ይባላል። መልሴ ይህ ነው፦ ንጉሡ የበረታው በጥቂቶቹና በደካሞቹ ላይ ነው፤ የካቶሊክ ካህናት ጉባኤ ሲለምነው የኖረውን ነገር አደረገ፣ አብዛኛው ሕዝብም አጨበጨበለት። ከባለ መብቶቹ ወገን አንዱንም የሚያስከፋ ነገር አልነበረበትም። በዚያም ላይ ሥራው አልተፈጸመለትም። በ1702 የሴቬን ተራራ ፕሮቴስታንት ገበሬዎች ካሚዛር ተብለው ሸፈቱ፤ በ1704 የንጉሡ ማርሻል ቪላር የዳቦ ጋጋሪ ደቀ መዝሙር ከነበረው ከዣን ካቫልዬ ጋር በኒም ከተማ ቁጭ ብሎ መደራደር ግድ ሆነበት።

በዚሁ ዘመን የዚህ ንጉሥ ስም እስከ ጎንደር ደርሶ ነበር። ከካይሮ የተነሣው ፈረንሳዊ ሐኪም ፖንሴ በ1699 ጎንደር ገብቶ ዐፄ ኢያሱ አድያም ሰገድን አከመ። ከእርሱ በኋላ የሉዊ መልእክተኛ ሆኖ ወደ ኢትዮጵያ የተላከው ዱ ሩል ግን በ1705 በስናር ተገደለ። የንጉሡ ዝና የደረሰበት ሁሉ ክንዱ አልደረሰም።

ወደ ገንዘቡ ነገር እንመለስ፤ የነገሩ ሥር ያለው በዚያ ነውና። ንጉሡ ከ1672 እስከ 1678 ከሆላንድ፣ ከ1688 እስከ 1697 ከአውሮፓ ነገሥታት ማኅበር፣ ከ1701 እስከ 1714 ደግሞ በስፔን ዙፋን ውርስ ምክንያት ተዋጋ። በ1689 የቬርሳይን የብር ዕቃ አቅልጦ ገንዘብ አስመታ። በ1693 እና በ1694 እህል ጠፍቶ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ። በ1695 ንጉሡ አዲስ ግብር ጣለ፤ ሕዝቡን ሁሉ በ22 ደረጃ መድቦ አልጋ ወራሹን ራሱን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ አስቀመጠ። ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ መኳንንት ግብር ይክፈሉ የሚል ቃል በአዋጅ የተነገረ መሆኑ። አፈጻጸሙ ግን እንደ ቃሉ አልሆነም። ካህናቱ የተወሰነ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከፍለው ከግብሩ ወጡ፤ ኃያላኑ ግምታቸውን አስቀነሱ፤ ቀሪው ሸክም ተመልሶ ገበሬው ላይ ወደቀ። ምሽግ በመሥራት ስሙ የታወቀው ማርሻል ቮባን በ1707 ሁሉም ሰው ከገቢው እንዲከፍል የሚመክር መጽሐፍ ቢያሳትም መጽሐፉ ታገደ፤ እርሱም በዚያው ዓመት በማርች ሞተ።

እንግሊዝን ስናይ ልዩነቱ ይገለጣል። እንግሊዞች በ1649 ንጉሣቸውን ቻርልስ 1ኛን ሰየፉ፣ በ1688 ልጁን ጄምስ 2ኛን አባረሩ፤ ከዚያ ወዲህ ግብርንና ብድርን ያለ ፓርላማ ማንም አያደርግም። በ1694 የተቋቋመው የእንግሊዝ ባንክ ለመንግሥቱ 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ በ8 በመቶ ወለድ አበደረ፤ በ1720ዎቹ መጨረሻ ወለዱ ወደ 4 በመቶ ወረደ። የፈረንሳይ ንጉሥ ከእንግሊዙ ይልቅ ሰፊ አገርና ብዙ ሕዝብ ነበረው፣ ነገር ግን በውድ ተበደረ። በእኛ አገር ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል፤ የማይከሰስ ተበዳሪን ደግሞ አበዳሪ በርካሽ አያምነውም። ሉዊ በ1661 ፉኬን ሲያሲዝ የመንግሥቱን አበዳሪዎች ሁሉ በልዩ ችሎት አቁሞ ብዙ ዕዳ ሰርዞ ነበርና ያ አልተረሳም። ስለዚህ በራሱ ስም ከመበደር ይልቅ በፓሪስ ከተማ ስም፣ በላንግዶክ ጉባኤ ስም፣ በካህናቱ ስም ተበደረ። ቃላቸው የሚታመነው እነዚያ ማኅበሮች መብታቸው ስላልተነካ ነው፤ መብታቸውን ቢነካ ብድሩም ይቀርበታል። የወሰኑ አሠራር ይህ ነበር፤ ማንም በሰይፍ አላቆመውም።

በጃንዋሪ 1709 ከባድ ብርድ ወረደ፤ ወንዞች በረዶ ሆኑ፣ የተዘራው ስንዴ በመሬት ውስጥ ሞተ፣ የዳቦ ዋጋ ጣሪያ ነካ። ንጉሡ የወርቅ ዕቃውን ወደ ገንዘብ ማስመቻው ላከና ሰላም ለመነ። ጠላቶቹም ሰላም ከፈለግህ በስፔን የነገሠውን የልጅ ልጅህን ፊሊፕን አንተው ራስህ በሁለት ወር ውስጥ አስወጣው አሉት። ሽማግሌው ንጉሥ ከልጆቼ ይልቅ ከጠላቶቼ ጋር መዋጋት ይሻለኛል በሚል ሐሳብ እምቢ አለ። በጁን 12 ቀን ለየአውራጃው ገዢዎች ደብዳቤ ላከ፤ ለሕዝቡም እንዲነበብ አደረገ። በደብዳቤው ሰላምን ምን ያህል እንደፈለገ፣ ጠላት የጠየቀው ለምን ክብር የሚያሳጣ እንደሆነ ገለጠና የሕዝቡን እርዳታ ጠየቀ። ለማንም ምክንያት መስጠት የማይገባው ንጉሥ ምክንያቱን ለሕዝቡ አስረዳ። በሴፕቴምበር 11 ቀን በማልፕላኬ ሠራዊቱ ሜዳውን ለቆ ቢያፈገፍግም ከጠላት ወገን ከ20,000 በላይ ሰው አጠፋና አገሪቱ ከወረራ ዳነች። ከሰባ ሁለቱ ዓመት ሁሉ ለእኔ ንጉሡ ትልቅ ሆኖ የሚታየኝ በዚህ ጊዜ ነው፤ የበረታውም ማዘዝን ትቶ በለመነበት ዓመት ነው።

በ1710 የገቢ ዐሥራት በሁሉም ላይ ተጣለ፤ ካህናቱ ግን በዚህም ጊዜ በስጦታ አመለጡ። ንጉሡ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1715 በቬርሳይ ሞተ፤ የተወውም ዕዳ ሁለት ቢሊዮን ሊቭር ያህል ነበር። ዙፋኑን የወረሰው የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጁ ልጅ ነው። ንጉሡ ከመሞቱ በፊት ኑዛዜ ጽፎ፣ የወንድሙ ልጅ የኦርሌያኑ መስፍን ፊሊፕ በሞግዚትነቱ ብቻውን እንዳያዝ በምክር ቤት አጥሮት፣ የሕፃኑን ጥበቃ ከጋብቻ ውጭ ለወለደው ልጁ ለዱክ ዱ ሜን ሰጥቶ ነበር። ንጉሡ በሞተ ማግሥት ፓርልማው ተሰበሰበና ኑዛዜውን ሻረ። ያ በ1673 አፉ የተዘጋው ጉባኤ ለመስፍኑ ሙሉ ሥልጣን ሰጠው፤ መስፍኑም ብድሩን ለመመለስ በሁለት ሳምንት ውስጥ አዋጅ ከመመዝገቡ በፊት ቅሬታ የማቅረብ መብቱን መለሰለት። በ1717 የገቢው ዐሥራት ተነሣ። የተሸጡት ሹመቶች ግን እስከ 1789 ድረስ ከባለቤቶቻቸው እጅ አልወጡም።