ከ«ካታሪፍ» እስከ «ገዳሪፍ»፦ የቦታ ስምና የአካባቢ ታሪክ በበይነ መረብ

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1867 ዓ.ም. ባሳተመው የዓባይ ገባሮች መጽሐፉ ከተማዋን «ካታሪፍ» ይላታል፤ «ሱቅ አቡ ሲን» የሚል ሌላ ስም እንዳላትም ይጠቅሳል። አቡ ሲን የሹክሪያ ጎሣ መሪዎች ቤተሰብ ስም ነው፤ ሱቅም ገበያ ነው። መጽሐፉ ዛሬ በበይነ መረብ በነጻ ይነበባል። ሆኖም ከተማዋን ዛሬ በምትጠራበት ስም የሚፈልግ የገዳሪፍ ተወላጅ በቀላሉ አይደርስበትም።

ስሙ በአረብኛ በ«ቃፍ» ይጻፋል፤ የሱዳን አንደበት ግን ቃፍን «ገ» ያደርገዋል። ስለዚህ በአማርኛ ከአፍ የሰማ «ገዳሪፍ»፣ ከጽሑፍ የገለበጠ «ቀዳሪፍ» ይላል። የአገሩ ሰው ስሙን «ጉዳዩን የፈጸመ ይሂድ» ከሚል የገበያ ጥሪ ያመጣዋል። ይህ ሕዝባዊ ፍቺ ለሥርወ ቃል ማስረጃ ባይበቃም የገበያውን ትዝታ ይዟል። ፍቺው የቆመው «ፈጸመ» በሚለው የአረብኛ ግሥ ላይ ነውና፣ ስሙን በ«ገ» ብቻ የሚመዘግብ ሰነድ የትረካውን መነሻ ይሰውራል።

ጉዳዩ ከሁሉ የሚከብደው በኡም ራኩባ ነው። ራኩባ በሱዳን አረብኛ የሣር ዳስ ነው። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. በእግር የተሰደዱ ቤተ እስራኤላውያን በዚህ መጠለያ ብዙ ወገኖቻቸውን ቀብረዋል፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች ያለቁት 4,000 ገደማ እንደሚሆኑ ይገመታል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ያው ስፍራ ከትግራይ ጦርነት የሸሹትን ተቀበለ። የቀደሙት ስደተኞች ትዝታ በአብዛኛው በዕብራይስጥ፣ የኋለኞቹ በትግርኛና በአማርኛ፣ የእርዳታ ድርጅቶች ዘገባ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። አንዱ ስፍራ በፍለጋ ገጽ ላይ ብዙ ስፍራ ሆኖ ይቀራል፤ የአንዱ ስደተኛ ልጅ የሌላውን ምስክርነት ሳያይ ያልፋል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ጦርነት የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም ከተዘረፈ ወዲህ፣ በለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅና በሱዳን ተቋማት ትብብር የተደራጀው «ሱዳን ሜሞሪ»ን የመሰሉ ዲጂታል ስብስቦች ከቅጂነት ያለፈ ክብደት አግኝተዋል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ ስላለ፣ ፊደሉ አይመችም የሚለው ምክንያት ካረጀ ቆይቷል። የጎደለው የመዝጋቢው ልማድ ነው፦ ተናጋሪው የጠራው ስም፣ በጽሑፍ የተገኘው ቅርጽና የካርታው ስም በየራሳቸው መደብ፣ ከተናጋሪው ቋንቋ ጋር መቀመጥ ይኖርባቸዋል። «አቃንቶ» አንድ ስም ብቻ ማስቀረት ሥራ ያቀላል፤ ምስክሩን ግን ከዘመዶቹ ይለያል።