ስሟን ያልጻፈው ዜና መዋዕል

ዐፄ ሠርፀ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1563–1597) በሰሜን ተራሮች ቤተ እስራኤልን ሲወጉ፣ ዜና መዋዕላቸውን በግእዝ የመዘገበው ጸሐፊ የአንዲትን ምርኮኛ ነገር በዝምታ ሊያልፈው አልቻለም። እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር ታስሮ በገደል አፋፍ ስትነዳ አዶናይን ለርዳታ ጠርታ ራሷን ወደ ገደሉ ወረወረች፤ ማራኪዋም አብሯት ወደቀ። ጸሐፊው የንጉሥ ሰው ነውና ወገኖቿን እንደ ጠላት ያያል፤ ድፍረቷን ግን አድንቆ ጽፏል። ስሟን አልጻፈም።

ስለዚህች ሴት ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። የምኖረው ከሰሜን እጅግ ርቄ፣ በባሌ፣ ጎባ ነው። ይሁን እንጂ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ በቆመበት በሳነቴ ላይ የሰሜን ተራሮች ጅብራና አስታ፣ ቀይ ቀበሮውም ሳይቀር አለ። በዚያ ከፍታ ትንፋሽ እንዴት እንደሚያጥር፣ ጣት በብርድ እንዴት እንደሚደነዝዝ ከመጽሐፍ መፈለግ አላሻኝም።

የሚያስቸግረው ዛሬ የምናውቀው ነገር ሾልኮ ወደ እሷ ዘመን መግባቱ ነው። በምድጃዋ ላይ ድንች አልጥድላትም፤ ድንች አገራችን የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነውና። የሐኑካ መብራትም አላበራላትም፤ ኦሪትን በግእዝ ያነብቡ የነበሩት ቤተ እስራኤል በዓሉን በባህላቸው አያከብሩትም ነበር። ታሪኳን ከማሳዳ ጋር የሚያነጻጽሩ አሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የማሳዳን ፍጻሜ የተረከልን ፍላቪዮስ ዮሴፍም ወደ ሮማውያን የተጠጋ ሰው መሆኑ ነው። ሁለቱም ታሪኮች የደረሱን ከአሸናፊው ሰፈር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ ሰፈር የወጣ ቢሆንም አንድ ቃል አምናለሁ። አዶናይ የሚለው ስም በክርስቲያኖች የግእዝ ጸሎትም ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ጸሐፊው የመጨረሻ ጥሪዋን ሲመዘግብ አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ የጻፈው እሱም የሚጸልይበትን ስም ነበር። መጽሐፌ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ስሟስ? ወዳጆቼ «አንድ ስም አውጣላት» ይሉኛል። የማወጣው ስም ግን የእኔ እንጂ የእሷ አይሆንም። በመጽሐፌ ውስጥ ወንድሟ «እቴ»፣ እናቷ «ልጄ» እያሉ ይጠሯታል። «ልጄ» መባሏን ለማመን ዜና መዋዕል አያስፈልገኝም፤ እናት ነበራትና።