ወርቁ ወይስ ማሽኑ?

ባለፈው ሰሞን የእናቴን የድሮ ሰዓት ይዤ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። በእጅ የምትሞላ፣ ፊቷ ከአውራ ጣት ጥፍር የማይበልጥ፣ የወርቅ ቀፎ ያላት ሰዓት ነች። እናቴ ‹‹ከቆመች ዘመን የላትም፤ ሽጠሽ የሚሆንሽን ግዢባት›› ብላ ነው የሰጠችኝ። ሰውየው ገልበጥ ገልበጥ አደረጋትና ‹‹ማሽኑን አውጥቼ ወርቁን ልመዝንልሽ›› አለኝ። ማሽኑስ? ‹‹እሱማ ምን ያደርግልሻል! የሴት ሰዓት ድሮም ጌጥ እንጂ ጊዜ አይቆጥርም።››

ሰዓቷን ተቀብዬ ወጣሁ። ንግግሩ ግን ከነከነኝና ታሪኩን ማገላበጥ ጀመርኩ።

ከመጀመሪያው እንነሳ። የእጅ ሰዓት ድሮ የሴት ነበር። የናፖሊዮን እህት፣ የኔፕልስ ንግሥት ካሮሊን ሙራ፣ እ.ኤ.አ. በ1810 ፓሪስ ለነበረው ሰዓት ሠሪ ለአብርሃም ሉዊ ብሬጌ በክንድ የሚታሰር ሰዓት አዘዘች። ሰዓቱ አልቆ የደረሳት በ1812 ነው። በ1868 ደግሞ የጄኔቫው ፓቴክ ፊሊፕ ለሃንጋሪዋ ካውንቴስ ኮስኮቪች የእጅ ሰዓት ሠራ። ወንዶቹስ? ሰዓታቸውን በሰንሰለት አስረው ኪሳቸው ይከቱ ነበር፤ እጅ ላይ ማሰር ‹‹የሴት ነገር›› ነበራ! ቀደም ብለው ያሰሩ ወታደሮች ባይጠፉም፣ ልማዱን ያስፋፋው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ምሽግ ውስጥ መሣሪያ ይዞ ኪስ መዳበስ አይመችም። ወታደሮቹ ከጦርነቱ ሲመለሱ የእጅ ሰዓት የወንድ ሆኖ አረፈው።

በ1920ዎቹ ለሴቶች የሚሠሩት ሰዓቶች እያነሱ፣ እየጠበቡ፣ አምባር እየመሰሉ ሄዱ። ፋሽን ነዋ! ቀሚስ ለማሳጠር መቀስ ይበቃል፤ ሰዓት ማሳነስ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በእጅ የሚሞላ ሰዓት ውስጥ የተጠቀለለ ሞላ አለ። መሙያውን ስናዞር ይጠብቃል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን ጎማዎች ይገፋል። ጉልበቱ ባንዴ እንዳይለቀቅ የሚቆጣጠረው ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዝ አንድ ጎማ ነው። በብዙ የድሮ ሰዓቶች ይህ ጎማ በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ይመታል። ሞላው ሲያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ጎማው ሲቀል ደግሞ ትንሽ አቧራ ወይም የደረቀ ዘይት ያዛንፈዋል።

እዚህ ላይ የወርቅ ቤቱ ሰውዬ ግማሽ እውነት አለው። ትንሽ ማሽን ለመዛነፍ ይቀርባል። ግን እስቲ እናስላው፤ ቀን 1,440 ደቂቃ ነው። በቀን አንድ ደቂቃ የምትሳሳት ሰዓት 1,439ኙን በትክክል ቆጥራለች። ከኛ መሃል እንዲህ የሚሠራ ማን አለ?

የጥበቡን ጥግ ማየት ለሚፈልግ በ1929 የወጣውን የዣዤ-ለኩልትር ‹‹ካሊበር 101›› ማየት ይበቃል። በስዊዘርላንድ የቫሌ ደ ዡ ሸለቆ የሚሠራው ይህ ማሽን ርዝመቱ 14 ሚሊ ሜትር፣ ወርዱ 4.8፣ ውፍረቱ 3.4 ነው። ክብደቱ አንድ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ የሚሠራው 98 ክፍሎች አሉት። እስከ ዛሬ ከዓለም ትንንሽ መካኒካል ማሽኖች ቀዳሚው ተብሎ ይጠራል። ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በ1953 ዘውድ ሲጭኑ ያሰሩት ሰዓት ውስጥ የነበረውም እሱ ነው። ‹‹ጌጥ›› የተባለው እንግዲህ ይሄ ነው! ለሴት የተተወው ትንሹ ሰዓት ለሠሪው ትልቁ ፈተና ነበር።

ከዚያ ባትሪ መጣ። የጃፓኑ ሴኮ ታኅሣሥ 25 ቀን 1969 (እ.ኤ.አ.) ‹‹አስትሮን›› የተባለውን ኳርትዝ የእጅ ሰዓት ገበያ ላይ አዋለ። በ1970 ወደ 90,000 ሠራተኛ የነበረው የስዊዝ ሰዓት ኢንዱስትሪ በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። መካኒካሉ ሰዓት በኋላ ቢያንሰራራም ሰብሳቢው የሚሻማው በአብዛኛው ትልልቆቹን የወንድ ሰዓቶች ነው። የእናቶቻችን ትንንሾች ዕጣ ግን ወርቅ ቤት ሆነ፤ ቀፎው ይቀልጣል፣ ማሽኑ ይጣላል።

የእናቴን ሰዓት በመጨረሻ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። ሽማግሌው በአጉሊ መነጽሩ አይተው ‹‹ዘይቷ ደርቆ ነው እንጂ ደህና ናት›› አሉኝ፤ አጠቡልኝ፣ ዘይት አደረጉልኝ። (እናንተም ከመሳቢያ የድሮ ሰዓት ካገኛችሁ፣ ሳይታጠብ ሞልታችሁ አታስኪዱት፤ ደረቅ ብረት ይበላላል።)

ለእናቴ መልሼ ስሰጣት መጀመሪያ ያደረገችው ጆሮዋ ላይ ማስጠጋት ነው። ፊቷን ሳይ ስለ ሽያጭ ያሰብኩት ሁሉ አሳፈረኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ቡና ሳይቀርብ ትሞላታለች። በቀን ሁለት ደቂቃ ወደኋላ ትቀራለች፤ እናቴ ግን ‹‹ሬዲዮው ነው የቸኮለው›› ትላለች።