ለአዝማሪዎች አዳራሽ የከፈተው ስኮትላንዳዊ

የግራዚያኒ ስም በሀገራችን ያለ የካቲት 12 አይነሣም። በ1929 ዓ.ም. በዚያች ዕለት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ከወረወሩበት በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደውን መዓት ያልሰማ የለም። ከዚያ እልቂት ጋር ብዙ ጊዜ የማይወሳ አንድ ትእዛዝ ግን አለ። ፍጅቱ ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግራዚያኒ በከተማይቱና በዙሪያዋ ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ተንባዮች እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። እነዚህ ሰዎች ጠመንጃ አልነበራቸውም። ጥፋታቸው የጣልያን አገዛዝ ዕድሜው አጭር መሆኑን በየመንደሩ በዜማና በትንቢት ማዳረሳቸው ነበር። እንግዲህ ማርሻሉ የዘፈንን ጉልበት አሳምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ይኸው ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945፣ የሙሶሊኒ የመጨረሻ መንግሥት የጦር ሚኒስትር ሳለ በሰሜን ኢጣልያ እጁን ሰጠ። ወታደሮቹ መሣሪያቸውን እንዲያስቀምጡ የሚያዘው ጽሑፍ ሲሰናዳ ሥራውን የተቆጣጠረው የብሪታንያ ጦር የመረጃ መኮንን ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ስሙ ሔሚሽ ሔንደርሰን ይባላል፤ ስኮትላንዳዊ ነው። ይህ መኮንን በግብፅና በሊቢያ በረሃ፣ በሲሲሊና በኢጣልያ ግንባሮች ሲዋጋ በማስታወሻ ደብተሮቹ የሚጽፈው የጠላትን ወሬ ብቻ አልነበረም። ወታደሮች በየምሽጉ የሚያንጎራጉሩትን ዘፈን ሁሉ ይለቅም ነበር። ያን ልቅም በ1947 በመጽሐፍ አሳተመው። አንዱ የዘፋኝ ደም ያፈሰሰ፣ ሌላው ቀሪ ዕድሜውን ዘፋኝ ፍለጋ የሚንከራተት፤ ሁለቱን ጦርነቱ አገናኛቸው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በመጨረሻ ላይ ከሚነሣው 1929 ዓ.ም. በቀር፣ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ ሔንደርሰን ማን ነበር? የተወለደው ኖቬምበር 11 ቀን 1919፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያበቃበት አንደኛ ዓመት በሚከበርበት ዕለት፣ በስኮትላንድ ብሌርጋውሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እናቱ በዚያ ጦርነት ፈረንሳይ ዘምታ ቁስለኛ ያስታመመች ነርስ ስትሆን የወለደችው ያለ ጋብቻ ነበር። በዘመኑ ይህ ቀላል ነውር አልነበረም። እናቲቱ ድምፀ መልካም ነበረችና ልጅዋን ያሳደገችው በዘፈን ነው። አንድ ቀን ሕፃኑ፣ ይህ ዘፈን የትኛው መጽሐፍ ውስጥ እንደሚገኝ ቢጠይቃት፣ በመጽሐፍ የሌሉ ዘፈኖችም እንዳሉ ነገረችው። ሔንደርሰን የዕድሜ ልክ ሥራው የጀመረው ከዚያች መልስ እንደሆነ ኋላ ይናገር ነበር። እናቱ በልጅነቱ ሞተችበት። ለንደን ውስጥ በሙት ልጆች ማሳደጊያ እያደረ በነፃ የትምህርት ዕድል ተምሮ እስከ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ደረሰ። ዘመድ አልባነትን በልጅነቱ የቀመሰ ሰው ነውና፣ በኋላ ማኅበረሰብ ወደ ዳር ከገፋቸው ሰዎች ጋር መቀመጥ አልከበደውም።

ከጦርነቱ ሲመለስ ቅኔውም ተሳክቶለት ነበር። ስለ በረሃው ጦርነት ሙታን የጻፈው የሙሾ ግጥም መድበል በ1949 የሶመርሴት ሞም ሽልማት አስገኘለት። የሽልማቱን ገንዘብ ይዞ ወደ ኢጣልያ ሄደና በሙሶሊኒ እስር ቤት የማቀቀውን የአንቶኒዮ ግራምሺን ደብዳቤዎች መተርጎም ጀመረ። ከግራምሺ ያገኘው ትምህርት፣ ተራው ሕዝብ በቃሉ የሚያስተላልፈው ዘፈንና ተረት ያለፈ ዘመን ቅርስ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ዓለምን የሚያይበት የራሱ ዓይን መሆኑን ነው። በ1950 የኢጣልያ መንግሥት በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት ከሀገር አስወጣው።

አሁን ወደ ኤድንብራ እንሂድ። ከተማይቱ ከ1947 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ማዘጋጀት ጀምራ ነበር። ኦፔራው፣ ኦርኬስትራውና ባሌው ከየሀገሩ ይጎርፋል። የስኮትላንድ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ የሚዘፍነው ግን በዚያ መድረክ ላይ እዚህ ግባ የሚባል ቦታ አልነበረውም። የመግቢያ ዋጋውም ለሠራተኛው የሚቀመስ አልነበረም። በ1951 የሠራተኛ ማኅበራትና የግራ ክንፍ ድርጅቶች ተሰባስበው «የሕዝብ ፌስቲቫል» የሚባል ሌላ ዝግጅት አቆሙ። ሔንደርሰን ለዚህ ፌስቲቫል ያዘጋጀው አንድ ምሽት ነበር፤ ኬይሊ። ኬይሊ በጌሊክ ቋንቋ መሠረቱ መጠያየቅ ነው፤ ጎረቤት በአንድ ቤት ተሰብስቦ እየዘፈነ፣ እየተረከ የሚያመሽበት ልማድ።

ኦገስት 31 ቀን 1951 ምሽት በኦድፌሎውስ አዳራሽ የቀረቡትን ሰዎች ስም ዝርዝር ያየ የአዘጋጁን ሐሳብ ይረዳል። ከባራ ደሴት የመጡ ሁለት የጌሊክ ዘፋኞች፣ ፍሎራ ማክኒልና ካለም ጆንስተን፤ ከሰሜን ምሥራቅ የባሕር ዳርቻ የመጣች ዓሣ ሻጭ፣ ጄሲ መሬይ፤ ገበሬው ጆን ስትራካን፤ ባግፓይፕ የሚባለውን ባለ አቅማዳ የትንፋሽ መሣሪያ የሚነፋው የ17 ዓመቱ ጆን በርጀስ። ከእነዚህ ጋር ጂሚ ማክቤዝ ነበረ፤ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ በርካሽ ማደሪያ እየተኛ በገበያ ቀን ሲዘፍን የኖረ ሰው። ይህን ጂሚን ፖሊስ ቀደም ሲል ቱሪፍ ከምትባል ከተማ አባሮት፣ ሁለተኛ እንዳይታይ አስጠንቅቆት ነበር። በዚያው በ1951 ሔንደርሰንና አሜሪካዊው ዘፈን ሰብሳቢ አለን ሎማክስ ያን ሰው ይዘው ወደ ቱሪፍ ተመለሱ። ሆቴል ውስጥ በክብር አስቀምጠው ድምፁን ቀረጹት። ከዚያም በኤድንብራ አዳራሽ ፊት ቆመ።

ሎማክስ ምሽቱን በቴፕ ቀርጾታል። ከአድማጮቹ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ዘፈን በገዛ ሀገራቸው መኖሩን አያውቁም ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ ወጣቶች ጊታር አንሥተው አሮጌውን ዘፈን መማር ያዙ። በየከተማው የዘፈን ክበባት ተፈጠሩ። የዛሬ ተመራማሪዎች የስኮትላንድ የሕዝብ ዘፈን ትንሣኤ ከየት ጀመረ ሲባሉ በአብዛኛው የሚጠቁሙት ያችን ምሽት ነው። ፌስቲቫሉ ራሱ ግን ዕድሜ አልነበረውም። የኮሚኒስቶች መጠለያ ነው የሚል ክስ ቀርቦበት የሠራተኛ ማኅበራቱ ጉባኤ ፊቱን አዞረበት፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ከሰመ።

በዚያው በ1951 የኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ የስኮትላንድ ጥናት ተቋም አቋቋመ። ሔንደርሰን ለዚህ ተቋም ቴፕ መቅረጫ ተሸክሞ ሀገሩን ያስስ ጀመር። በ1953 አበርዲን ከተማ ደረሰ። በገበያው ጥሩ ዘፋኝ ማን ነው ብሎ ሲጠያይቅ ሁሉም አንድ ስም ጠሩለት፤ ጂኒ ሮበርትሰን። ቤቷን አንኳኳ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ደክማ ስለነበር እንግዳ ለመቀበል ፈቃደኛ አልነበረችም። እሱም ደጃፏ ላይ እንደቆመ አንድ አሮጌ የታሪክ ዘፈን አወጣ። ጂኒ ሰማችውና አዘፋፈኑ እንዳልሆነ ነግራው፣ ትክክለኛውን ልታሰማው ወደ ውስጥ አስገባችው። በዚህ ዓይነት ዓለም ከታላላቆቹ የባላድ ዘፋኞች አንዷን አወቀ። የካምብሪጁ ምሁር ተማሪ፣ ባለ ቤቲቱ መምህር ሆኑ ማለት ነው።

ጂኒ ከየትኞቹ ሰዎች ወገን እንደሆነች መናገር ያስፈልጋል። በስኮትላንድ «ተጓዦች» የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከጥንት ጀምሮ በድንኳንና በጋሪ እየተዘዋወሩ ቆርቆሮ በመቀጥቀጥ፣ ፈረስ በመነገድና በእርሻ የቀን ሥራ የሚተዳደሩ ናቸው። እኛ ሀገር የብረት ቀጥቃጩ ጠይብ ማረሻውን እየሠራልን ስንሸሸው እንደኖርነው ሁሉ፣ እነሱንም ገበሬው ጉልበታቸውን እየፈለገ ከደጁ ያርቃቸው ነበር። ፖሊስ ከሰፈሩበት ያፈናቅላቸዋል። ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ይሰደባሉ። ሆኖም ከቤተ መንግሥትና ከመጻሕፍት የጠፉ የመካከለኛው ዘመን ባላዶች፣ ረጃጅም ተረቶችም ሳይቀሩ፣ በእነዚህ ሰዎች አፍ ይኖሩ ነበር።

በ1955 ክረምት ሔንደርሰን በትውልድ ከተማው በብሌርጋውሪ አካባቢ ድንኳኑን ከተጓዦች ድንኳን መካከል ተከለ። ብሌርጋውሪ ራዝቤሪ የሚሉት እንጆሪ የሚለማበት ሀገር ነው። በለቀማ ጊዜ ተጓዦቹ ከስኮትላንድ ማዕዘናት ሁሉ ይሰበሰባሉ። ቀን እንጆሪ ይለቀማል፤ ማታ እሳት ዙሪያ ይዘፈናል። ዘፈኑ ከመቅረጫው አቅም በላይ ሆኖበት፣ ሔንደርሰን ሥራውን ከናያጋራ ፏፏቴ ሥር ጣሳ እንደ መደገን ቆጥሮታል። በዚያው ዓመት ግራዚያኒ ሮም ውስጥ ሞተ። በኢጣልያ ፍርድ ቤት የተቀጣው ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ብቻ ነበር፤ ከ19 ዓመት ፍርዱም የታሰረው ጥቂት ወራት ነው። ስለ አዲስ አበባ የጠየቀው ፍርድ ቤት የለም።

ዘፈንን በቴፕ መቅረጽና በሣጥን መቆለፍ ለሔንደርሰን በቂ አልነበረም። ትውፊትን በጅረት ይመስለው ነበር፤ ተሸክሞ የሚሄድ ጅረት። ጅረት ደግሞ ካልፈሰሰ ይሸታል። በ1966 በብሌርጋውሪ የተጀመረው ፌስቲቫልና በዚያው ዓመት የቆመው የስኮትላንድ ባህላዊ ሙዚቃና ዘፈን ማኅበር የዚህ ሐሳብ ፍሬዎች ናቸው። ፌስቲቫሉ በኋላ ወደ ኪንሮስ፣ ቀጥሎም ወደ ኪሪሙር ተዛወረ። ይህን ሁሉ የተሸከሙት ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። አዳራሽ የሚለምኑ፣ ለሽማግሌ ዘፋኝ ማደሪያና የአውቶቡስ ገንዘብ የሚፈልጉ፣ ሻይ የሚያፈሉ፣ ሌሊት ወንበር የሚሰበስቡ፤ አብዛኞቹም ስማቸው በሸክላ ላይ ያልተጻፈ።

ይህ ሁሉ ግን በደሉን አላስቀረም። ጂኒ ሮበርትሰን በ1968 ከንግሥቲቱ ኒሻን ስትቀበል፣ የወገኖቿ ድንኳን ከመፍረስ አልዳነም። የስኮትላንድ መንግሥት ተጓዦችን በግድ ለማስፈርና ለመለወጥ በተፈጸመባቸው ነገር በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2025 ነው። ዘፈኑን ማክበርና ዘፋኙን ማክበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም። ሔንደርሰን ራሱ በ1983 መንግሥት የሰጠውን ኒሻን፣ የኑክሌር መሣሪያ ፖሊሲውን በመቃወም፣ አልቀበልም ብሏል። በ2002 በ82 ዓመቱ ኤድንብራ ውስጥ አረፈ። የሰበሰባቸው ድምፆች ከ2010 ጀምሮ ከሌሎች ብዙ ሺህ ቅጂዎች ጋር በኢንተርኔት ለሕዝብ ተከፍተዋል። የጂሚንም የጂኒንም ድምፅ የፈለገ ሁሉ ሊሰማው ይችላል።

በ1929 ዓ.ም. የተረሸኑት አዝማሪዎች ምን ብለው እንደዘፈኑ የሚያሰማን ቴፕ ግን የለም። የገዳዩ ትእዛዝ በመዝገብ ተቀምጧል፤ የሟቾቹ ዜማ አልተቀመጠም። ዛሬ በየጠጅ ቤቱ፣ በየሠርጉና በየገበያው የሚዘፍኑት ግን በሕይወት አሉ። ለእነሱ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ አንድ መቅረጫ፣ አንድ አዳራሽ፣ ከዚያም ዝግጅቱ ሲያበቃ ወንበር ለመሰብሰብ የማይሰንፍ ሰው።