መስኮት ሰብሮ የተመለሰው ውሻ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይላሉ አባቶቻችን። ያበላውን አይረሳም፣ የጠገበበትን ደጅ ይጠብቃል ማለታቸው ነው። ዛሬ የምንተርክላችሁ ውሻ ግን ተሞላቅቆ ከተቀመጠበት ቤት መስኮት ሰብሮ ወጥቶ፣ «አይሆነኝም» ብሎ ለሌላ ወደ ሰጠው ሰው የተመለሰ ነው። ስሙ ቶጎ ይባላል።

ሰውየው ሊዮንሃርድ ሴፓላ ነው። በ1877 በሰሜን ኖርዌይ ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ልብ በሉ)፤ በ1900 ደግሞ ወርቅ ወደሚቆፈርባት ወደ አላስካ ተሻገረ። ኖም በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተቀምጦ፣ ውሾች በሚጎትቱት ተንሸራታች ጋሪ በበረዶ ላይ ሰውና ዕቃ ያመላልስ ነበር። ከሳይቤሪያ በመጡ ውሾች ዘር ቶጎ በ1913 ሲወለድ ትንሽ፣ ጉሮሮው ያበጠ፣ ታማሚ ቡችላ ነበር። ያስታመመችው የሴፓላ ሚስት ኮንስታንስ ናት። በዳነ ጊዜ ደግሞ ማንም የማይችለው ረባሽ ሆነ። ሴፓላም ለጋሪ አይሆንም ብሎ ፈረደና በስድስት ወሩ ለቤት ውሻነት ለሌላ ሰው ሰጠው።

በአዲሱ ቤት ቶጎ አልተራበም፣ አልተመታም። ግን ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የመስኮቱን መስተዋት ሰብሮ ወጣ፤ ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጦም ወደ ሴፓላ ግቢ ተመለሰ። ሴፓላ ከዚህ በኋላ ሊያባርረው ልብ አላገኘም። ረብሻው ግን አልቆመም። ከታሰረበት እያመለጠ ጋሪ የሚጎትቱትን ውሾች ይከተልና ይተናኮል ነበር። አንድ ቀን ሴፓላ በመንገድ ላይ መላ ቢያጣ፣ የስምንት ወሩን ውሻ ከሌሎቹ ጋር በመጎተቻው ማሰሪያ አሰረው። ያን ጊዜ ቶጎ ጸጥ አለ። በዚያው ቀን ወደ 120 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ሲመሽ ከመሪው ውሻ ጎን ተሰልፎ ነበር።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሴፓላ ለወራት ረብሻ ሲለው የነበረው ነገር ምን ነበር? ውሻው ከሥራ እየሸሸ አልነበረም፤ ሥራ እየፈለገ ነበር። ማሰሪያውን ሲበጥስ የኖረው ያው ውሻ፣ ሌላው ማሰሪያ ሲጠለቅለት ረጋ።

መሪ ውሻ ማለት ምን እንደሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። የተንሸራታች ጋሪ ነጂ እንደ ፈረሰኛ ልጓም አይዝም፤ ያለው ድምፁ ብቻ ነው። መሪው ውሻ ከፊት ሆኖ መንገዱን በእግሩ ይዳስሳል። ከፊቱ ያለው በረዶ የሳሳ ከሆነ፣ ጌታው «ሂድ» ቢለውም የማይሄድ ውሻ ያስፈልጋል። የታዘዘውን ሁሉ የሚያደርግ ውሻ በዚያ አገር ጌታውን ይዞ ይሰጥማል።

የዚህ ነገር እውነትነት በ1925 ጥር ወር ተፈተነ። በኖም ዲፍቴሪያ ገባ፤ በእኛ አገር «ዘጊ አናዳ» የሚባለው፣ ጉሮሮ ዘግቶ ልጆችን ትንፋሽ የሚያሳጣው በሽታ ነው። ዛሬ ሕፃናት ከስድስት ሳምንታቸው ጀምሮ ይከተቡበታል። ያኔ ግን የከተማው ብቸኛ ሐኪም ከርቲስ ዌልች በእጁ የነበረው መድኃኒት ጊዜው ያለፈበት ነበር። ባሕሩ ስለ ረጋ መርከብ አይገባም፤ የዘመኑም አውሮፕላን ለዚያ ብርድ አልተሞከረም። መድኃኒቱ በባቡር ነናና እስከምትባል ከተማ መጣ። ከዚያ እስከ ኖም የቀረውን ወደ 1,085 ኪሎ ሜትር የሚሸፍኑት ውሾች ብቻ ነበሩ።

ለዚህ 20 ነጂዎችና ወደ 150 የሚጠጉ ውሾች ተሰለፉ። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ የአላስካ ተወላጆች ነበሩ። ለሴፓላ የተሰጠው ከሁሉ የከፋው መንገድ ነበር። ሲነሣ አንዲት ልጁን ሲግሪድን በሽታ በገባበት ከተማ ትቶ ነው። ከፊት የታሰረው ደግሞ ወደ 12 ዓመቱ የተጠጋው ቶጎ ነበር።

ሴፓላ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ተጉዞ መድኃኒቱን ሻክቱሊክ አጠገብ ተቀበለ። መመለሻው ኖርተን ሳውንድ የሚባለው የባሕር ወሽመጥ ነው። ዙሪያውን ቢሄድ ቀን ይፈጃል፤ በላዩ ቢያቋርጥ ንፋሱ በረዶውን ሰንጥቆ ወደ ጥልቁ ባሕር ሊወስደው ይችላል። ማቋረጡን መረጠ። መሽቶ ነበር፤ ብርዱ ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ያህል ነበር። በጨለማው ምክንያት በረዶውን ማየት፣ በንፋሱ ምክንያት ሲሰነጠቅ መስማት አይቻልም። ስለዚህ ሴፓላ ራሱንና የከተማውን ልጆች ተስፋ ለቶጎ ተወለት። ውሻውም መንገዱን ይዞ አሻገረው። ያለፉበት በረዶ ከዚያ በኋላ ተሰባብሮ ወደ ባሕር ተወሰደ።

ጎሎቪን በምትባል መንደር መድኃኒቱን ለሚቀጥለው ነጂ ሲያስረክብ፣ ቶጎ ደርሶ መልስ ወደ 420 ኪሎ ሜትር ሮጦ ነበር። የመጨረሻውን ወደ 85 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በማዕበል ውስጥ የሮጠው ጉናር ካሰን ነው፤ ከውሾቹ ፊት ከነበሩት አንዱም ባልቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 2 ንጋት ኖም ገቡ፤ ከተማዋም ተረፈች።

ዜናው በዓለም ሲሰማ የተጠራው ስም የባልቶ ነው። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሐውልት ቆመለት። ባልቶም ከሴፓላ ግቢ የወጣ ውሻ ነበር፤ ለደከመበት ክብር ይገባዋል። ሴፓላን ያሳዘነው የቶጎ መረሳት ነው። በኋላ የደቡብ ዋልታን ቀድሞ የረገጠው ሮአልድ አሙንድሰን ለቶጎ የወርቅ ሜዳሊያ አጠለቀለት። ውሻው ስለ ሜዳሊያ ምን ያውቃል? ጌታው ግን ያውቃል።

በ1927 ሴፓላ ያረጀውን ቶጎ በሜይን ግዛት ለኤሊዛቤት ሪከር ትቶት ወደ አላስካ ተመለሰ። የአላስካው ብርድና ድካም ለሽማግሌ ውሻ አይሆንም። ሁለት ጊዜ ለሌላ ሰው ሰጠው ማለት ነው፤ የመጀመሪያው ጊዜ ስላላወቀው፣ ሁለተኛው ጊዜ ግን ስለ ወደደው። ቶጎ በዲሴምበር 5 ቀን 1929፣ በ16 ዓመቱ ሞተ። ሴፓላ ከእሱ የተሻለ ውሻ እንዳልነበረው እስከ እርጅናው ይናገር ነበር።

ወጣቶች ሆይ፣ በየኅብረታችሁ አንድ ቶጎ አይጠፋም። ሲሉት የማይሰማ፣ ካልተጠራበት የሚገኝ ልጅ ወይም ልጅት ናቸው። መሪዎች ከሆናችሁ፣ ከመሸኘታችሁ በፊት ሥራ ሰጥታችሁ እዩአቸው። «እልኸኛ» የምትባሉት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፤ ቶጎን ታላቅ ያደረገው መስኮት መስበሩ ብቻ አይደለም፤ ሰብሮ ወዴት እንደሮጠ አስቡ።